የቤታችንን ዋይፋይ ማን ይጠቀምበታል?

(በማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ዓለም ፖለቲካ አይደለም፤ በየቤታችን ግድግዳ ሥር ተቀምጣ መብራቷን ብልጭ ድርግም ስለምታደርገው ራውተር ነው። ንግግሬንም የምጀምረው ራሴን በመክሰስ ነው።

አምና ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ ዋይፋዩ እየተንቀራፈፈ አስቸገረን። እኔም የተማርሁ ነኝ ባይ ስለ ሆንሁ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመለከትሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል አሥራ ሁለት ምልክት ያለው መለያ አለው። እነዚህን በየስልኮቻችን ውስጥ ከተጻፉት መለያዎች ጋር ሳስተያይ አንዱ ከማንኛችንም ጋር አልገጠመም። ወዲያው በግቢያችን የሚኖረውን ጎረምሳ ጠረጠርሁ፤ በእናቱም ፊት ሌባ አልሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ቡና ሲያፈሉ እኛን መጥራት ተዉ።

ከሳምንት በኋላ እውነቱ ወጣ። እንግዳ የመሰለኝ መሣሪያ የገዛ እናቴ ስልክ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 እና ከ2020 ወዲህ ብዙ ስልኮች ባለቤታቸውን ከተከታታይ ዓይን ለመሰወር እውነተኛውን መለያ ትተው ለየዋይፋዩ የውሰት መለያ ያሳያሉ። ከአሥራ ሁለቱ ምልክቶች ሁለተኛው 2፥ 6፥ ኤ ወይም ኢ ሆኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ይኸው ነው። መስመሩን ያጨናነቀውም የእኅቴ ስልክ ነበረ፤ የቀረጸችውን ቪዲዮ ሁሉ ማታ ማታ በራሱ ጊዜ ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልክ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከመጠርጠር በፊት መቁጠር ይገባል። የቤቱን መሣሪያ ሁሉ፥ ቴሌቪዥኑና የተረሳው አሮጌ ስልክ ሳይቀር፥ ከዋይፋዩ አላቅቁ። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ አስቀርታችሁ ዝርዝሩን ተመልከቱ፤ አንዳንድ ራውተር የሄደውንም ለጥቂት ጊዜ ስለሚያሳይ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ መለያቸውን በወረቀት መዝግቡ። ከመዝገቡ ውጭ የሚታይ ካለ እርሱ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዳ ከተገኘስ? ጠብ አያስፈልግም፤ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ይበቃል። አዲሱን ቃል ያላወቀ ሁሉ ይወጣል። ነገር ግን እንዴት እንደ ገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ በ1997 የወጣው ዌፕ የተባለው መቆለፊያ ድክመቱ በ2001 ታወቀ፤ በ2007 ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰበር እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳዩ። ስለዚህ ራውተራችሁን በ2004 በወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም በ2018 በወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ቆልፉ። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውንም አቋራጭ ዝጉ፤ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥሩ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ በ2011 ተገልጧልና። ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም የማስተካከያ ገጽ ቃል ለውጡ።

ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ቁልፉን የሚሰጠው ሌባ ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ለአንድ እንግዳ የነገርነውን ቃል ስልኩ በአንዲት ባለ አራት ማዕዘን ምስል ለሌላው ያቀብለዋል። ስለዚህ ለእንግዳ የተለየ መስመር ክፈቱለት፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች ይህ አላቸው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በመስመራችሁ የሚያልፈው ሁሉ ከውጭ ሲታይ የእናንተ ሥራ ይመስላል። በሰው ዋይፋይ በነጻ እንጠቀማለን እያላችሁ የምትኩራሩ ጓደኞቼም፥ ያለ ፈቃድ በሰው መረብ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ መሆኑን አትርሱ።

እኔ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ቡናው ተመልሷል፤ ጎረምሳው ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በአጭሩ ነው የሚመልሰው። የይለፍ ቃል በአንድ ደቂቃ ይለወጣል፤ በሰው ላይ የተጣለ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም።