ጎተራውን ሳታዩ አትውጡ

ተመራቂዎች፣ በቀጥታ ወደ በቆሎ ልግባ።

የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢኤች 661 ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጤ ተምች ሲገባ ገበሬው ትሉን በእጁ ሲለቅም፣ በቡቃያው እምብርት አመድ ሲነሰንስ አይተናል። በበቆሎው መስመር መካከል ዴስሞዲየም፣ በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሳር መትከል አገዳ ቆርቁርን እንደሚከላከልም ተምራችኋል። ይህን ሁሉ ለመምህራኖቻችሁ እተወዋለሁ። የእኔ ነገር ከአጨዳ በኋላ ነው።

አንድ ግንቦት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ከአንዲት እናት ቤት ገባሁ። «ና ልጄ፣ የሰጣችሁንን ዘር እይልኝ» አሉና ከጎተራው በሰፌድ ቀዱልኝ። ሲያንገዋልሉት ዱቄቱ ቦነነ። ፍሬው ሁሉ ተበስቷል፤ ነቀዙ በሰፌዱ ጠርዝ ይሸሻል። «የአባቶቻችን በቆሎ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአገሬው በቆሎ ልባሱ ጫፉን አጥብቆ ይሸፍናል፣ ፍሬውም ጠንካራ ነው። ብዙዎቹ ድቅል ዝርያዎች ግን ጫፋቸው ክፍት ስለሆነ ነቀዙ ገና ማሳ ላይ ገብቶ ከምርቱ ጋር ቤት ይደርሳል። ጎረቤታቸው ይህን ፈርቶ በጥር በርካሽ ሸጦ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ከገበያ በውድ ሊገዛ ነው።

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባን። ልጆቹ ከሚተኙበት መደብ አጠገብ የነቀዝ ክኒን የተጨመረበት ጆንያ ተደርድሯል። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አድምጡኝ። ያ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በሩንና መስኮቱን ከፍተን፣ ቤተሰቡ በዚያ ሌሊት ከጎረቤት እንዲያድር አደረግን። እናንተም እንዲህ ያለ ቤት ስታገኙ ሪፖርት ልጽፍ ብላችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡ።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ጆንያ ከውጭ አለው። አየሩን አስወጥታችሁ አፉን አጥብቃችሁ ስታስሩት ነቀዙ አየር አጥሮት ይሞታል፤ ኬሚካል አያስፈልግም። ካልተቀደደም ለሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል። እህሉ ግን መድረቅ አለበት፤ እርጥቡ ታፍኖ ይሻግታል። መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ በቆሎና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ባለሙያዎቻችንን የምወቅሰው በዚህ ነው፦ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ይጽፋሉ፤ በግንቦት ስንት እንደቀረ ማንም አይጠይቃቸውም። ገበሬው ወደ 8028 የስልክ መስመር ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ መስማት ይችላል። ከረጢቱን እንዴት እንደሚያስር ግን በእጁ ይዞ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

እንኳን ደስ አላችሁ። በመጀመሪያው የሥራ ወራችሁ ከምትገቡበት ቤት ሁሉ ጎተራውን ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። በግንቦትም ተመልሳችሁ ሂዱ።