አሮጌ ጎማ በአስፋልት ውስጥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከአስፋልት ክብደት ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ኮረትና አሸዋ ነው። ይህን ሁሉ አጣብቆ የሚይዘው ሬንጅ ከመቶ 5 እጅ ገደማ ቢሆንም፣ በፀሐይ የሚለሰልሰው፣ በብርድ የሚሰነጠቀው፣ ሲያረጅም የሚደርቀው እርሱ ነው። እኛም ዛሬ የምንናገረው ይህን ሬንጅ በተጣለ የመኪና ጎማ ስለ ማጠንከር ነው።

በዚህ ሥራ ስሙ የሚጠራው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሪዞና የፊኒክስ ከተማ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ማክዶናልድ ነው። ጎማው ሽቦውና ክሩ ወጥቶለት ይፈጫል፤ ዱቄቱም ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ሬንጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይማሰላል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ጎማው አይቀልጥም፤ የሬንጁን ቀላል ዘይት እየጠጣ፣ ውኃ ውስጥ እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጣል እንጂ። ሬንጁም ይወፍራል፤ ጠጠሩን ወፈር አድርጎ ይለብሰዋል፤ መንገዱም ቶሎ አይሰነጠቅም። እሳቱ ከበዛ ወይም ድብልቁ ብዙ ከቆየ ግን ጎማው ይፈራርስና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ወጥ የሠራ ሁሉ ይህ አይጠፋውም።

በ1991 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ክፍላተ ሀገሩ ከ1994 ጀምሮ ከሚሠሩት አስፋልት በከፊሉ አሮጌ ጎማ እንዲያገቡ በሕግ አስገደደ። የታሰበው ግን ከመንገዱ ይልቅ ስለ ጎማው ክምር ነበር። ብዙዎቹ መሣሪያውም ልምዱም ስላልነበራቸው አጉረመረሙ፤ ግዴታው በ1995 ተሻረ። በሙከራ የተማሩት አሪዞናና ካሊፎርኒያ ግን በሥራው ቀጠሉ።

ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ዝቃጭም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ጠጠር ይወጣዋል፤ ዳሩ ግን በውስጡ ያልበረደ ኖራ ስላለ፣ ወራት ያህል በሜዳ ውኃ እየጠጣ ካልሰነበተ በኋላ አብጦ መንገዱን ይገነጥለዋል። ስለዚህ «ቆሻሻው ሁሉ ወደ መንገድ ይግባ» የሚለውን አሳብ እንቃወማለን። መንገድ የቆሻሻ መቅበሪያ አይደለም።

ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛው አገራችን ነገሩ ቸል የሚባል አይደለም። እርግጥ በረባሶ ሠሪዎች ከእኛ አስቀድመው ከጎማው ድርሻቸውን ወስደዋል፤ የተረፈው ግን ለሙከራ ይበቃል። የአፋር ሙቀትና የደብረ ብርሃን ውርጭ በአንድ ዓይነት ሬንጅ አይቻሉምና፣ ድብልቁ ለየቦታው መመርመር አለበት። መምህራኖቻችን የላቦራቶሪውን ማሞቂያና ማማሰያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይፍቀዱልን፤ ጎማውን እኛ ከምናለሽ ተራ እናመጣለን።