በረዶና አመዳይ
(በጌጫ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ማታ ሳነብላችሁ «በረሃም ላይ በረዶ የሚወርድበት ጊዜ አለ» ከሚል ቃል ላይ ደረስን። ያን ጊዜ ከጌጫ ወረድ ብሎ ቡና ያላቸው አንድ አባት ተነሡና፣ «ልጄ፣ በረሃውን ተወው። በረዶ እኔ ዘንድ መጥቶ የቡናዬን ፍሬ አራገፈው፣ የእንሰቴንም ቅጠል ተለተለው። አገሩ ውርጭ ሊሆን ነው ማለት ነው? ቡናዬን ነቅዬ ገብስ ልዝራ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁና አፈርኩ። ዛሬ ግን መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ችግሩ ከቃሉ ነው። እኛ ሁለት ነገር በአንድ ስም «በረዶ» እንላለን። አንዱ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ጣራ የሚደበድበው ነው። ሁለተኛው እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው፤ ይኸኛው አመዳይ ይባላል። መጽሐፉ የተናገረው ስለ አመዳይ ነው።

አመዳይ እንዲወርድ ሁለት ነገር መገናኘት አለበት፤ እርጥበትና ብርድ። በረሃ ሌሊቱ ቢበርድም እርጥበት የለውም። ሆኖም አንዳንድ ክረምት ከሰሜን የሚመጣ ብርዳም ነፋስ ከባሕር እርጥበት ይዞ ይደርሳል። በየካቲት 11 ቀን 1971 ዓ.ም. በደቡብ አልጀርያ፣ በሰሐራ በረሃ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አመዳይ ወረደ። እዚያው አልጀርያ፣ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አይን ሰፍራ በምትባል ከተማም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ወረደ። በዓመቱ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን 2010፣ እኛ ገናን ስናከብር፣ ቀዩ አሸዋ ነጭ ለብሶ ዋለ። ፀሐይ ሲጠነክር ግን ቀለጠ።

በአገራችንስ? ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ዳሽን አመዳይ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት አንድ መንገደኛ ከአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ የዘመተበት የሰሜን ተራራ አመዳይ ሰውን እስከ ጉልበት ያሰጥም እንደነበር ይናገራል።

ታዲያ ጌጫ ይህ ሁሉ ዝናብ እያላት አመዳይ የማታየው ለምንድን ነው? እርጥበቱ ሞልቶ ብርዱ ስለሚጎድል ነው። ከደመናው አናት ላይ እንደ አመዳይ ሆኖ የተነሣው እንኳ ሲወርድ ቀልጦ ዝናብ ሆኖ ይደርሰናል።

ጠጠሩ በረዶ ግን ሌላ ነው። ከሞቀ መሬት የሚነሣ እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ይወጣል። የውሃውን ጠብታ ወደ ላይ ወስዶ ያረጋዋል፤ ጠብታው በላዩ ላይ ሌላ እየደረበ ይከብዳል፤ ኋላም ይወድቃል። እንግዲህ መነሻው የምድር ሙቀት ነው እንጂ የአገር ውርጭ መሆን አይደለም።

አባቴ፣ መልሴ ይኸው ነው። በረዶው የመታዎት በአንድ ክፉ ቀን ነው፤ አገሩ የቡና አገር መሆኑን አልተወም። የተሰበረውን ቅርንጫፍ ይቁረጡ፣ የጥላውን ዛፍ ይጠብቁ፤ ቡናውን ግን አይንቀሉ። ጥያቄዎንም አያቁሙ፤ እኔንም አስተምሮኛልና።