የራስን የሙያ ጽሑፍ ስለ ማረም
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሪፖርት ጽፎ የጨረሰ መሐንዲስ ጽሑፉን መልሶ ሲያነብ ያልጻፈውን ቃል አእምሮው ይሞላለታል፤ አሻሚውንም ዐረፍተ ነገር እርሱ ባሰበው መንገድ ብቻ ይፈታለታል። ከዚህም የተነሣ የፊደል ግድፈት ለቅሞ፣ ነጥቡንና ሰረዙን አስተካክሎ «ታርሟል» ይላል። ዳሩ ግን ወረቀቱ የሚደርሰው ጸሐፊው በሌለበት፣ ምናልባትም በእኩለ ሌሊት፣ ከማሽኑ አጠገብ ለቆመ ሰው ነው። ዋናው እርማት የሚጀምረው በዚያ ሰው ቦታ ሆኖ ከማንበብ ነው።

የነገሩን ክብደት በአሜሪካ አገር የደረሰ አንድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 24 ቀን 1977 በኦሃዮ በሚገኘው በዴቪስ ቤሲ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። ተቆጣጣሪዎቹም የውኃ መጠን መለኪያው ከፍ ማለቱን ስላሳያቸው በአደጋ ጊዜ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚገፉትን ፓምፖች ያለ ጊዜያቸው አቆሙ። ማመንጫው ይሠራ የነበረው ከሙሉ ኃይሉ 9 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ከባድ ጉዳት አልደረሰም። ይሁን እንጂ ማብላያውን በሠራው በባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ኩባንያ ውስጥ የነበረ አንድ መሐንዲስ በፌብሩዋሪ 1978 በጻፈው ማስታወሻ፣ ያው ነገር በሙሉ ኃይል በሚሠራ ማብላያ ላይ ቢደርስ የነዳጁ እምብርት ከውኃ ሊራቆትና ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ለተቆጣጣሪዎች የሚሰጠው መመሪያም እንዲለወጥ ጠየቀ።

ይህን ተከትሎ በኦገስት 3 ቀን 1978 ከሌላ ክፍል ሌላ ማስታወሻ ወጣ። የዚህኛው ወረቀት አደራደር ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚጀምረው ከዚህ ቀደም የተላከው ወረቀት የአሠራር መርሕ ለውጥን እንደሚጠይቅ በማተት ነው። ቀጥሎም አዲሱ መመሪያ ሥራ ላይ ቢውል በቧንቧዎቹና በማጠራቀሚያው ላይ ሊደርስ ስለሚችለው ጉዳት በተራ ቁጥር እያስቀመጠ ይጠይቃል። የእምብርቱ መራቆት የተነሣው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው፤ ያውም የጸሐፊው የራሱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሳይሆን ተያያዥ ወረቀቶቹ የሚጠቁሙት ነገር ሆኖ ነው። ተቀባዩም እንደ ተራ የሥራ ጥያቄ ቆጠረው። በማርች 28 ቀን 1979 በፔንሲልቫኒያ በሚገኘው በስሪ ማይል አይላንድ 2ኛ ማብላያ ያው ዐይነት ቫልቭ ተከፍቶ ሲቀር አዲሱ መመሪያ ለተቆጣጣሪዎቹ አልደረሳቸውም ነበር። እነርሱም የሚገፋውን የማቀዝቀዣ ውኃ ቀነሱ፤ ከእምብርቱም ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

አደጋው ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ስለ ነበሩት ሁሉን በአንድ ወረቀት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን የፊደል ግድፈት ለቃሚ ዐይን በዚያ ማስታወሻ ላይ የሚያርመው ብዙ ነገር ባላገኘም ነበር። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ባለሙያ ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለበት። «ግፊቱ 6 ባር ሲደርስ ቫልቩ ይዘጋል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቫልቩ በራሱ ነው የሚዘጋው ወይስ ሠራተኛው ነው የሚዘጋው? ጸሐፊው መልሱን ስለሚያውቅ ጥያቄው ከቶ አይታየውም። «ሠራተኛው ቫልቩን ይዝጋ» ወይም «ቫልቩ ያለ ሰው እጅ ይዘጋል» ማለት የሚያስጨምረው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጽሕፈቱ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «መሣሪያው በየሰዓቱ ይለካል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ መሣሪያው ራሱ ለኪ ይሆናል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተለኪ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው ይባላል፤ ግማሽ እውነት ነው። ጸሐፊው ራሱ ካነበበው እንዳሰበው ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋልና፣ ሌላ ሰው እያነበበለት እርሱ ቢያዳምጥ ይሻላል። በሥራ መዝገብ ላይ ያለ ምንም ምልክት የተጻፈ «3 ሰዓት» ወይም «1971» የሚያመጣው መዘዝ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እርማት የሚሻው «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው። «ጉዳዩ፦ 2ኛውን ፓምፕ ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። «ጉዳዩ፦ 2ኛው ፓምፕ ኩሽኔታው እስኪለወጥ እንዳይሠራ ስለ ማሳሰብ» ቢባል ግን ፖስታውን የከፈተው ሰው ወዲያው ስልክ ያነሣል። በደብዳቤው ግርጌ የሚቀመጠው «አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ» የሚለው ሐረግም ትሕትና ያለው ይመስላል እንጂ አድራጊውንም፣ ድርጊቱንም፣ ቀኑንም ይሰውራል። ሦስቱ ካልታወቁ ሐረጉ ቢሰረዝ የሚቀር ነገር የለም።

ጽሑፉ ቢያንስ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በሥራው ላይ ለሚቆመው ሠራተኛ ተሰጥቶ «በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ጸሐፊው ካሰበው ከተለየ ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ማላከክ አይገባም። ጸሐፊው በቃል ሊያስረዳው ቢቃጣውም ለጊዜው ዝም ይበልና፣ በአፉ ሊናገር የነበረውን ያንኑ ቃል በወረቀቱ ላይ ይጻፈው።