ፍየል የጋጠችው ዛፍና ሰው የገረዘው ዛፍ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዛፍ አያያዝ ነው። ገነት ማለት በግዕዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እንግዲህ ገነተ ማርያም ስንል የማርያም አትክልት ቦታ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ስም ባለው አገር ስለ ዛፍ መነጋገር ተገቢ ነው።

እስቲ በየተረተሩ ያለውን ወይራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከጉልበት የማያልፍ፣ ድብልብል ያለ ቁጥቋጦ ሆኖ ይገኛል። ላየው ሰው የአምና ችግኝ ይመስላል፤ ዕድሜው ግን የብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል። ዘሩ ድንክ ሆኖ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የቆመው ትልቁ ወይራም ያው ዘር ነው። ተረተር ላይ ያለውን ያሳነሰው የፍየል ጥርስ ነው። ለጋ ጫፍ ባወጣ ቁጥር ትቀነጥበዋለች።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። በጃፓን ዛፍን ሆን ብለው በትንሽነቱ የሚያኖሩ ባለሙያዎች አሉ። ሙያው ቦንሳይ ይባላል፤ ትርጉሙም በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። የጥበቡ መነሻ ቻይና ነው። ባለሙያው ጥድ ወይም ሌላ ዛፍ ወስዶ፣ ገበቴ በመሰለ ዝርግ የሸክላ ዕቃ ይተክለዋል። ዛፉ ከክንድ ብዙም ሳይረዝም ግንዱ ይወፍራል፤ ቅርፊቱም እንደ ሽማግሌ ዛፍ ይሰነጣጠቃል። ዘሩ ግን ሜዳ ላይ ቢዘራ እንደ ማንኛውም ዛፍ ትልቅ ሆኖ ያድጋል።

ታዲያ ፍየሏም ትቆርጣለች፣ ባለሙያውም ይቆርጣል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ባለሙያው አይቶ መቁረጡ ነው። ሥራውን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛው የሥር ሥራ ነው። ወጣቱን ዛፍ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ እንቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከዕቃው ያወጣዋል። የተጠማዘዘውንና የረዘመውን ሥር ይገርዛል። ከዚያም ውኃ የማይቋጥር አዲስ አፈር ጨምሮ ይመልሰዋል። ሥሩ የተገረዘ ዛፍ አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች ያበቅላል፤ ውኃና ምግብ የሚስቡለትም እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው የቅርንጫፍ ሥራ ነው። የትኛው እንቡጥ ወዴት እንደሚያድግ አስቀድሞ ያስባል። ወደ ውጭ የሚያየውን ትቶ፣ ብርሃን የሚሻማውን ያነሳል። ቅርንጫፉን ለማጉበጥ ሽቦ ይጠመጥምበታል፤ ሽቦው ቅርፊቱን ከመብላቱ በፊት ግን ይፈታዋል።

ሦስተኛው ውኃ ማጠጣት ነው። ይህ ቀላል ሥራ ይመስላል እኮ! ጃፓኖች ግን ውኃ ማጠጣትን ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ምክንያቱም ባለሙያው የሚያጠጣው ቀን ቆጥሮ ሳይሆን አፈሩን አይቶና ዳስሶ ነው። ሰዎች ዛፉ በረሃብ የተቀጣ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን በሚገባው ልክ ይበላል፣ ይጠጣል።

ይህ ትዕግሥት ምን ያህል ሊዘልቅ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንስጥ። ያማኪ በሚባል ቤተሰብ እጅ የነበረ አንድ ጥድ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ የተገራ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 በሂሮሺማ ከተማ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል፣ ዛፉ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግቢው አጥር ጀርባ ነበረና ተረፈ። ማሳሩ ያማኪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ ሰጡት። ዛፉ የቦንሳይ ስጦታ ሆኖ በዋሽንግተን ሲጠበቅ፣ ከቦምቡ መትረፉን ጠባቂዎቹ ያወቁት የልጅ ልጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 መጥተው ሲነግሯቸው ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ዛፉን የጀመረው ሰው ፍጻሜውን አላየም። የተቀበለውም ለተከታዩ አስረከበ።

እኛ ወይራችንን በገበቴ እንትከል ማለቴ አይደለም። እኛ የምንፈልገው ትልቅ ዛፍ ነው፤ አፈሩን የሚይዝ፣ ጥላ የሚሆን፣ ለሞፈርና ለቤት የሚበቃ። ነገር ግን ትንሽ ለማድረግም ሆነ ትልቅ ለማድረግ ዕውቀቱ አንድ ነው። በክረምት ብዙ ጉልበት ፈሶበት የተተከለ ችግኝ በበጋ ደርቆ ሲገኝ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህንን አለማወቅ ነው።

ስለዚህ ችግኝ ስትተክሉ ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ። ከታች ተጠቅልሎ የቆየ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት። ካልተቆረጠ ጉድጓድ ውስጥም እንደ ተጠቀለለ ይቀራልና ወደ ታች ወርዶ ውኃ አይፈልግም። የምትተክሉትም ዝናሙ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ ይሁን።

ፍየል የጋጠችውን ወይራ ደግሞ አትንቀሉት። ከላይ ቢያጥርም ከታች ሥር የሰደደ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ለመነሳት የተዘጋጀ ነው። በቀጋ ወይም በሌላ እሾህ እጠሩት። ቀጥ ያለውን አንድ ቅርንጫፍ መርጣችሁ፣ የሚሻሙትን ቀስ በቀስ ቀንሱለት። ሁሉን በአንድ ቀን አትመልምሉት፤ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ጫፉ ከፍየል አፍ በላይ እስኪያልፍ አጥሩን ጠብቁ።

በየተረተራችሁ አንድ አንድ ወይራ ምረጡና ዘንድሮ እጠሩ። ልጆቻችሁም ከእናንተ ጋር ሆነው አጥሩን ይሥሩ፤ ዛፉን የሚረከቡት እነሱ ናቸውና።