በጨለማ የሚያበራ ሰዓት እንዴት ፎቶ ይነሳል?

(በሩዊ በተገናኘንበት ዓርብ ከቀረበ ንግግር)

ዛሬ ፈቃድ አጥታ የቀረችው እህታችንም ይህን ስታነብ አብራን እንዳለች ትቁጠረው።

ባለፈው ሰዓቴን በጨለማ ያነሳሁበትን ፎቶ አይታችሁ «እንዴት አድርገሽ ነው?» ላላችሁኝ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደጀመርኩት ልንገራችሁ።

የምተኛው ከልጆቹ ጋር ስለሆነ ማታ መብራት አላበራም። ሥራ ጨርሼ ስገባ ስንት ሰዓት እንደሆነ የማየው ቁጥሯ አረንጓዴ በምታበራው ሰዓቴ ነው። ያየሁትን በደብተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ስለ እረፍቴ ለመነጋገር ደብተሩን አወጣሁ። «5፡30» ይላል፤ ለእኔ ከሌሊቱ አምስት ተኩል ነው። ማዳም ግን በእነሱ አቆጣጠር፣ እኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል የምንለው አድርጋ አነበበችውና «ታዲያ በጊዜ ጨርሰሽ የለ!» አለችኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ 23፡30 ብዬ እጽፋለሁ፤ ሰዓቴንም ፎቶ አነሳለሁ።

አንዷ «ብርሃኑ አይጎዳም ወይ?» ብላኛለች። የድሮው ይጎዳ ነበር። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ፣ ወጣት ሴቶች ራዲየም ያለበት ቀለም ሰዓት ላይ ይቀቡ ነበር። የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተነግሯቸው መንጋጋቸው በሰበሰ፤ የሞቱም አሉ። አምስቱ ከሰው በ1928 ካሳ አገኙ። ዛሬ በብዛት የሚቀባው ስትሮንሺየም አሉሚኔት የሚባለው ነው፤ ጨረር የለውም። ብርሃን ይጠጣል፣ በጨለማ መልሶ ይሰጣል። በጣም አሮጌ ሰዓት ካጋጠማችሁ ግን ከፍታችሁ አትነካኩት።

እንግዲህ ወደ ፎቶው፦

መጀመሪያ ሰዓቱን ብርሃን አጠጡት። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ፊቱ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያዙበት። ወዲያው አንሱት፤ ድምቀቱ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ቶሎ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ጠቆር ባለ ጨርቅ ላይ፣ ብርጭቆ አስደግፋችሁ አቁሙት። ስልኩንም ከአንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ላይ ሌላ ብርጭቆ አስደግፉት። በእጅ ከያዛችሁት ይንቀጠቀጣል። የእኔ የመጀመሪያ ፎቶዎች አረንጓዴ ጭረት ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን አጥፉ፤ መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ቁጥሩን ይሸፍነዋል። ስልካችሁ የሌሊት ሞድ ካለው እሱን ክፈቱ። የሦስት ሰከንድ ቆጣሪውንም አድርጉ፤ ስትነኩት እንዳይነቃነቅ ነው።

አራተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የሚያበራውን ቁጥር ነካ አድርጉ። የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ወደ ታች ሳቡት። ስልክ ጨለማ ሲያይ ፎቶውን ከመጠን በላይ ያደምቀዋል፤ ያኔ ቆጣሪዎቹ ከቁጥሩ ጋር ይደባለቃሉ። የሰዓቱና የደቂቃው ቆጣሪ ለየብቻ ከታዩ በቂ ነው። ማማሩ ትርፍ ነው።

አሁን ጥንቃቄው። ሰዓታችሁን በሙስካት ሰዓት ሙሉት። ሙስካት ከአገር ቤት በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በአገር ቤት ከሞላችሁት ስልኩ ከሚመዘግበው ጋር አይስማማም። የሰዓቱ ፊት ጧትና ማታን አይለይም፤ የሚለየው ስልኩ ነው። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ አታጥፉ። በዋትሳፕ ለምታምኗት ሰው ስትልኩም እንደ ዶክመንት ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ የተነሳበት ሰዓት ከውስጡ ይጠፋል።

ከሁሉም በላይ፣ ፎቶው ውስጥ ከሰዓቱ በቀር ምንም አይግባ፤ ልጆቹም፣ ማዳምም፣ ቤቱም። በድንጋጌ ቁጥር 12/2011 የወጣው የኦማን የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 16፣ ሰውን በካሜራ የግል ሕይወቱን መድፈር በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። መብቴን አስከብራለሁ ብላችሁ ራሳችሁ ተከሳሽ እንዳትሆኑ።

ፎቶ ብቻውን ነገር አይፈታም። ደብተሩ ከነቀኑ ካልተጻፈ ፎቶው ሥዕል ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ግን «ተሳስተሽ ነው» ስትባሉ እንደ እኔ ዝም አትሉም።

ስልካችሁን አውጡ፤ መጋረጃውን እንዝጋና አሁኑኑ እንሞክረው።