ስለ ወባ ትንኝ ነርቭና ስለ መድኃኒት ኃይል መድከም



ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ሰው የወባ ትንኝ ወዳለበት አገር ይገባል። በዚያም መድኃኒት በተረጨበት ቤት ትንኝ ሳትሞት ቢያይ፥ «መድኃኒቱ ሐሰት ነው» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

በትንኝ ነርቭ ላይ ሶዲየም የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት መልእክት ያልፋል፤ ሲዘጋ ነርቩ ያርፋል። ቀድሞ ይረጭ የነበረው ዲዲቲም፥ በአጎበር ላይ ያለው ፓይረትሮይድም በሩ እንዳይዘጋ ይይዙታል፤ ነርቩም ዕረፍት አጥቶ ትንኟ ተንቀጥቅጣ ትሞታለች። ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል የበሯ አሠራር ጥቂት ተለውጦ የተወለደች ትገኛለች፤ መድኃኒቱም በሯን አጥብቆ ለመያዝ ያቅተዋል። ሌሎቹ ሲያልቁ እርስዋ ተርፋ ትራባለች፤ ልጆችዋም ያንኑ በር ይወርሳሉ። ይህም ለውጥ በኢትዮጵያ አኖፊለስ አረቢየንሲስ በተባለችው ትንኝ ላይ ተገኝቷል። እንግዲህ ትንኟ መድኃኒቱን ለምዳ አይደለም፤ መድኃኒቱ የማትሞተዋን ለይቶ አስቀረ እንጂ።

ስለዚህ መድኃኒቱን በየጊዜው መለዋወጥ የባለሙያ ሥራ ነው። ያልተቀደደ አጎበር ግን የትንኟ ነርቭ ቢበረታ እንኳ ንክሻዋን ይከለክላል። መምህር ለተማሪው፥ ሽማግሌም ለመንገደኛው፦ «አጎበርህን ሳትይዝ አትውረድ፤ ትኩሳት ቢይዝህም ፈጥነህ ደምህን አስመርምር» ብሎ ይንገር።